ሰውነታችን ስንት ሊትር ውኃ ይይዛል? በኮልፌ መንገድ ዳር በአንድ ሚዛንና በአንድ ሜትር የተደረገ ምርመራ

ሰው እህል ሲሸምት ቁናው እንዳይጎድልበት፣ ቅቤ ሲገዛ ሚዛኑ እንዳይዋሽበት፣ ጨርቅ ሲያስለካ ሜትሩ እንዳይሳብበት ዐይኑን አፍጥጦ ይጠባበቃል። የገዛ ሰውነቱን መጠን ግን የሚያውቀው በሰላምታ ነው። ወዳጁ «ምነው ከሳህ?» ሲለው ይደነግጣል፤ «ኧረ ተመችቶሃል!» ሲለው ደስ ይለዋል። ከዚህ የበለጠ ምርመራ አያሻም ብሎም መንገዱን ይቀጥላል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጽሑፍ ይህን ልማድ ጥቂት ለመነቅነቅ የታሰበ ነው። ይኸውም አንድ ሚዛን፣ አንድ ሜትርና አንድ እርሳስ የያዘ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ምን ያህል ውኃ፣ ምን ያህል ስብ፣ ምን ያህልስ ሥጋና አጥንት እንዳለ እስከ ምን ድረስ ሊገምት እንደሚችል ለመግለጽ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሰው የውጭ አገር ሊቃውንት ዘመን በአውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ነገሩ የተጀመረው በኮልፌ ነው። ኮልፌ የሰውን ጉልበት መፈተን የለመደ ሠፈር ነው። የደቡብ አፍሪካው ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ ወደ አገራችን መጥቶ የጦር ትምህርት የተማረው በዚሁ በኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ነበር። ዛሬም ቢሆን በአጠና ተራ በኩል ያለፈ ሰው ረዣዥም የባሕር ዛፍ አጠና በትከሻቸው ተሸክመው የሚመላለሱትን ወጣቶች ሲያይ የሰው ልጅ ጉልበት ምን ያህል እንደ ሆነ ሳይደነቅ አያልፍም።

ባለፈው እሑድ ከአንድ የሥራ ባልደረባችን ጋር በዚያው መንገድ ስንጓዝ አንድ ታዳጊ ልጅ ሚዛኑን ከመሬት ላይ አኑሮ፣ ከበስተኋላው ባለው ግንብ ላይም ቁመት መለኪያ ለጥፎ አገኘነው። «ጋሼ ይመዘኑ! አምስት ብር ብቻ ነው!» አለን። ባልደረባችን ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜው 27 ነው። ጫማውን አውልቆ ከሚዛኑ ላይ ወጣ። ክብደቱ 64 ኪሎ፣ ቁመቱ 170 ሣንቲሜትር ሆነ።

እኛ ገና ሒሳቡን ሳንከፍል አንድ የአጠና ተሸካሚ ሸክሙን ከግንቡ አስደግፎ፣ ላቡን በነጠላው ጫፍ ጠርጎ እርሱም ተመዘነ። ልጁ ቁጥሩን ሲያነብ ሁላችንም ሳቅን። 64 ኪሎ! ቁመቱ ደግሞ 170! ዕድሜውን ብንጠይቀው «27 ነኝ» አለን። ባልደረባችን በጣም ደስ ብሎት «እንግዲያውስ እኔና ይህ ወንድሜ መንታ ነን» ሲል ተናገረ። ተሸካሚውም ፈገግ ብሎ «መንታዬ ከሆኑማ እስኪ ይህችን አጠና አንዴ ያንሱልኝ» አለው። ባልደረባችን እጅጌውን ሰብስቦ ሞከረ። አጠናው ከጉልበቱ በላይ አልወጣለትም። ልጁም ጭምር ሳቀ።

ከዚህ ሳቅ በኋላ በልባችን የቀረው ጥያቄ ይህ ነው። ሚዛኑ አልዋሸም፤ ሜትሩም አልዋሸም። ታዲያ ሁለቱን ሰዎች አንድ ያደረጋቸው ቁጥር ምን ሳያይ ቀረ?

የመጀመሪያው መልስ ውኃ ነው። እንደሚታወቀው የሰው ሰውነት ትልቁ ክፍል ውኃ ነው። በጎልማሳ ወንድ ከክብደቱ ከመቶ 60 ያህሉ፣ በሴት ከመቶ 50 ያህሉ፣ ገና በተወለደ ሕፃን ደግሞ ከመቶ 75 ያህሉ ውኃ ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው በሕዋሳት ውስጥ ይገኛል፤ የቀረው አንድ ሦስተኛ ከሕዋሳት ውጭ፣ በደምና በሥጋ መካከል ይመላለሳል። ይሁን እንጂ ውኃው በሰውነት ውስጥ ሁሉ እኩል አልተከፋፈለም። የጡንቻ ሥጋ ከመቶ 75 ያህሉ ውኃ ሲሆን ስብ የተከማቸበት ክፍል ግን ውኃው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሥጋ የበዛበት ሰው ውኃ ይበዛበታል፤ ስብ የበዛበት ሰው ውኃ ያንሰዋል። የሴት ድርሻ ከወንድ ድርሻ የሚያንሰውም ሴት በተፈጥሮዋ ከወንድ ይልቅ ስብ ስለምታኖር ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለበትም።

እንግዲህ አንባቢያችን «ይህ ሁሉ በምን ታወቀ? ሰውን እንደ ልብስ ጨምቀው ውኃውን አልለኩት!» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በማንኛውም ማድ ቤት ሊፈተን ይችላል። አንዲት ሴት በአንድ ጋን ውስጥ ስንት ሊትር ውኃ እንዳለ ሳትቀዳ ለማወቅ ብትፈልግ የተመዘነ ጨው ትጨምርበት፤ በደንብ ታማስለው፤ ከዚያም በአንድ ሲኒ ቀድታ ጨውነቱን ትመርምር። የሲኒው ውኃ ጨውነት ከደከመ ጋኑ ብዙ ውኃ አለው ማለት ነው፤ ከበረታ ጥቂት ነው። ሊቃውንትም በሰው ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጨው ግን በሕዋሳት ውስጥ እንደ ልቡ ስለማይገባ በምትኩ ከባድ ውኃ የሚባለውን ተጠቀሙ። ይህ ውኃ እንደ ማንኛውም ውኃ ይጠጣል፤ ነገር ግን የሃይድሮጂኑ አቶም ከተራው ሃይድሮጂን ሁለት እጥፍ ያህል ይከብዳልና ከሌላው ውኃ ተለይቶ ይታወቃል። ሃሮልድ ዩሪ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ይህን ሃይድሮጂን በ1931 አገኘው፤ በ1934ም የኖቤል ሽልማት ተሸለመበት። በዚያው በ1934 የሀንጋሪ ተወላጅ የሆነው ሄቬሲ ሆፈር ከተባለ ባልደረባው ጋር የተመጠነ ከባድ ውኃ ለሰው አጠጥቶ፣ በኋላ በሽንት ውስጥ ምን ያህል እንደ ቀጠነ በመለካት የሰውነትን ውኃ መጠን ገመተ። ዛሬም ከሁሉ የታመነው መንገድ ይኸው ነው።

ነገር ግን ከባድ ውኃና የመመርመሪያው መሣሪያ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሁለተኛ መንገድ ፈለጉ። ብዙ ሰዎች በቅጥነት መንገድ ውኃቸው ከተለካ በኋላ የእነዚያኑ ሰዎች ቁመት፣ ክብደትና ዕድሜ ከውኃቸው መጠን ጋር አስተያዩ። ከዚያም ከቁመትና ከክብደት ብቻ ተነሥቶ ወደ ውኃው የሚያደርስ ስሌት አወጡ። ከእነዚህ ስሌቶች እጅግ የታወቀው በ1980 ሁለት ዋትሰን የተባሉ ሊቃውንትና ባት የተባለ ባልደረባቸው ያወጡት ነው። የተነሡበት መረጃ የ458 ወንዶችና የ265 ሴቶች ነበር።

የወንድ ስሌት እንዲህ ነው። ክብደትን በኪሎ ወስዶ በ0.3362 ማባዛት፤ ቁመትን በሣንቲሜትር ወስዶ በ0.1074 ማባዛት፤ ሁለቱን ደምሮ 2.447 መጨመር፤ በመጨረሻም ዕድሜን በ0.09516 አባዝቶ ከድምሩ መቀነስ ነው። የሴት ስሌት ዕድሜን አይጠይቅም። ክብደት በ0.2466፣ ቁመት በ0.1069 ተባዝቶ ይደመራል፤ ከድምሩም 2.097 ይቀነሳል። የሚገኘው መልስ ሊትር ነው።

እኛም ከልጁ ሚዛን አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሒሳቡን ሠራን። 64 በ0.3362 ሲባዛ 21.5 ነው። 170 በ0.1074 ሲባዛ 18.3 ነው። 2.4 ተጨምሮ የዕድሜው 2.6 ሲቀነስ 39.7 ሊትር ያህል ይሆናል። ይህም ማለት ባልደረባችን ሁለት የቢጫ ጄሪካን ሙሉ ውኃ ያህል ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። ለማነጻጸር ያህል 52 ኪሎ የምትመዝን 160 ሣንቲሜትር የሆነች እኅት ብትኖር ውኃዋ 27.8 ሊትር ያህል ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የሚቀጥለው እርምጃ ቀላል ነው። በ1945 ፔስና ራትበን የተባሉ ተመራማሪዎች ከእንስሳት ምርመራ ተነሥተው ስብ ከወጣለት ሰውነት ውስጥ ከመቶ 73.2ቱ ውኃ መሆኑን አሳወቁ፤ ይህም ቁጥር ለሰው ልጅ ሲሠራበት ኖሯል። ስለዚህ ውኃውን ለ0.732 ያካፈለ ሰው ከስብ ውጭ ያለውን አካሉን በኪሎ ያገኛል። 39.7ን ለ0.732 ብናካፍል 54.2 ኪሎ ይሆናል። ከ64 ላይ ሲቀነስ የቀረው 9.8 ኪሎ ስብ ነው፤ ከመቶ 15 ያህል ማለት ነው። ባልደረባችን ይህን ሰምቶ «እንግዲህ ጤነኛ ነኝ!» ብሎ ሊነሣ ፈለገ።

ነገር ግን አንድ እንከን አለ። ተሸካሚውም 64 ኪሎ፣ 170 ሣንቲሜትርና 27 ዓመት ስለ ሆነ ስሌቱ ለእርሱም ያንኑ 39.7 ሊትር ይሰጠዋል። ስሌቱ አጠናውን ማን እንዳነሣ አላየም። ቤልጅጋዊው የከዋክብት ተመራማሪ ኬትሌ በ1832 ያወጣው፣ በ1972 ደግሞ አንሴል ኪስ የዛሬውን የእንግሊዝኛ ስም የሰጠው የክብደትና የቁመት ንጽጽርም ከዚህ አያመልጥም። ይህ ንጽጽር ክብደትን በኪሎ ወስዶ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። ለሁለቱም ሰዎች 22.1 ይሆናል። ከ18.5 በታች ቀጭን፣ ከ25 በላይ ወፍራም ስለሚባል ሁለቱም «መካከለኛ» ይባላሉ።

ይህ ስሕተት ቀልድ ብቻ እንዳይመስል አንድ የታወቀ ታሪክ እንጥቀስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942፣ የአሜሪካን ባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው ቤንኬ ዌልሃም ከተባለ ባልደረባው ጋር 25 ባለሙያ የአሜሪካን እግር ኳስ ተጫዋቾችን መረመረ። በጊዜው በነበረው የቁመትና የክብደት ሠንጠረዥ መሠረት ከ25ቱ 17ቱ ከመጠን በላይ ከባድ ናቸው ተብለው ለውትድርና ብቁ አይደሉም ነበር። ቤንኬ ግን ሰዎቹን በውኃ ውስጥ አስገብቶ መዘናቸው። ይህ አርኪሜድስ የተባለው የጥንት ግሪክ ሊቅ ያስተማረው ዘዴ ነው። ስብ ከውኃ ይቀልላል፤ ሥጋና አጥንት ከውኃ ይከብዳሉ። ስለዚህ ስብ የበዛበት ሰው በውኃ ውስጥ ሲመዘን ክብደቱ እጅግ ይቀንሳል፤ ሥጋ የበዛበት ግን ያን ያህል አይቀንስም። የተጫዋቾቹ ክብደት የመጣው ከሥጋቸው እንጂ ከስባቸው እንዳልሆነ በዚህ ተረጋገጠ። ሠንጠረዡ ጠንካሮቹን ደካሞች ብሎ ሊመልሳቸው ነበር።

የእኛ ሰዎች በኮልፌ የሚገቡበት የመመዘኛ ገንዳ የለም። ነገር ግን ከመንገዱ ማዶ በረንዳ ላይ መኪናቸውን እየረገጡ ልብስ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። «አባባ፣ ሜትርዎን ለአምስት ደቂቃ ያውሱን» አልናቸው። እርሳቸውም «ምን ልትሰፉ ነው ልጆቼ?» ብለው ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸው ተነሥተው ለኩ። ከአምሳ ዓመት በላይ ሰው የለካ እጅ አይሳሳትምና ደስ አለን። የባልደረባችን ወገብ እምብርቱ ላይ 88 ሣንቲሜትር፣ አንገቱ 37 ሆነ። የተሸካሚው ወገብ 76፣ አንገቱ 38 ሆነ። አዛውንቱ ባልደረባችንን አይተው «አንተ ልጅ፣ ቦርጩ ገና ጀማሪ ነው፤ ሱሪህን ግን አስፍቼ ነው የምሰፋልህ» አሉት።

ለዚህ ዓይነቱ ልኬት የሚሆን ስሌት በ1984 ሆጅደንና ቤኬት የተባሉ ሰዎች ለአሜሪካን ባሕር ኃይል አውጥተዋል። ተማሪ አንባቢዎቻችን የሎጋሪዝም ሰሌዳ ወይም የእጅ ስልካቸውን ይዘው ሊከተሉን ይችላሉ። ከወገብ ዙሪያ የአንገትን ዙሪያ ቀንሶ የቀሪውን ሎጋሪዝም በ0.19077 ማባዛት፤ የቁመትን ሎጋሪዝም በ0.15456 ማባዛት፤ ከ1.0324 ላይ የፊተኛውን ቀንሶ ሁለተኛውን መጨመር ነው። የሚገኘው የሰውነት እፍግታ ነው። ከዚያ 495ን በዚህ እፍግታ አካፍሎ 450 መቀነስ ነው፤ ይህም ሲሪ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ያወጣው ሕግ ነው። መልሱ ከመቶ ስንት እጅ ስብ እንደ ሆነ ይነግራል።

ሠራነው። ባልደረባችን ከመቶ 20.8፣ ተሸካሚው ከመቶ 10.1 ሆነ። ይህም በኪሎ ሲቆጠር ለአንደኛው 13.3 ኪሎ፣ ለሁለተኛው 6.5 ኪሎ ስብ ማለት ነው። ወደ ኋላ ተመልሰን ከስብ ውጭ ያለውን አካላቸውን በ0.732 ስናባዛ ባልደረባችን 37.1 ሊትር፣ ተሸካሚው 42.1 ሊትር ውኃ ይዘዋል። መንታዎቹ በአምስት ሊትር ተለያዩ! የዋትሰን 39.7 ሊትር በሁለቱ መካከል የቆመ አማካይ ነበር። አማካይ ቁጥር ለሕዝብ እውነት ሲሆን ለአንድ ሰው ውሸት ሊሆን እንደሚችል በዚህ ተገነዘብን።

«አምስት ሊትር ምን ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ያመጣል። የአልኮል መጠጥ በሰውነት ውኃ ውስጥ ይሠራጫልና ውኃው ያነሰ ሰው ያንኑ ብርሌ ጠጥቶ በደሙ ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበዛል። ስዊድናዊው ዊድማርክ በ1932 ያወጣው የታወቀ ስሌትም የተመሠረተው በዚሁ ነው። ከዚህም የበለጠ ቁም ነገር አለ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ በመሣሪያ ሲታጠብ የሚወገደው ዩሪያ የሚሠራጨው በሰውነቱ ውኃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ እጥበቱ በቂ መሆኑን ለመመርመር በሽተኛው ስንት ሊትር ውኃ እንዳለው መገመት ያሻዋል፤ ለዚህም የዋትሰንን ስሌት ይጠቀማል። እዚያ ላይ አምስት ሊትር መሳሳት ቀልድ አይደለም።

ሚዛናዊ ለመሆን ግን የወገቡም ስሌት ቢሆን ፍጹም አይደለም። ከመቶ ሦስት ወይም አራት እጅ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። የዋትሰንም ስሌት ከሦስት እስከ አራት ሊትር ያህል መሳሳቱ የተለመደ ነው። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ስሌት የተለኩትን ሰዎች ይመስላል። የባሕር ኃይሉ ስሌት የወጣው ከአሜሪካን ወታደሮች ነው እንጂ ከኮልፌ፣ ከጅግጅጋ ወይም ከደብረ ብርሃን ሰዎች አይደለም።

በዩኒቨርሲቲ ሳለን ከቆላው አርብቶ አደር አገር የመጣ አንድ ጓደኛ ነበረን። እግሩ ረዥም፣ ደረቱ አጭር፣ ሩጫው የማይደረስበት ነበር። አንድ ጊዜ ለምርመራ ሄዶ የክብደትና የቁመት ንጽጽሩ 17.6 ሆኖ ተገኘና የመዘነው ሰው በወረቀቱ ላይ «የምግብ እጥረት አለበት» ብሎ ጻፈበት። ጓደኛችን በማግሥቱ በውድድር ሜዳ ሁላችንንም ቀደመን። ወረቀቱ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይከተለው ነበር። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረት ያን ጊዜ ትዝ አለን። ነገሩ እንዲህ ነው። ከቁመቱ ውስጥ እግር ብዙውን የያዘ ሰው ደረትና ሆዱ አጭር ስለሚሆን ክብደቱ ለቁመቱ ያንሳል። ሲቀመጥ የሚለካውን ቁመት ሲቆም ከሚለካው ጋር ያነጻጸረ ሰው ይህን ወዲያው ያስተውላል። በ2009 ማያትና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ ባሳተሙት ጥናት ይኸው ታይቷል። እግራቸው ረዣዥም በሆነ የአርብቶ አደር ልጆች ዘንድ ክብደትን ከቁመት ጋር ማነጻጸር የተጎዱትን ቁጥር አብዝቶ ያሳያል፤ የክንድ ዙሪያ ልኬት ግን በሰውነት ቅርፅ ያን ያህል አይታለልም።

በዚህ ረገድ አገራችን ባዶ እጇን አልቆመችም። በጅማ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ከዴንማርክ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አየርን በመግፋት የሰውነትን ስፋት የሚለካ ሣጥን አቁመው ገና የተወለዱ ሕፃናትን መርምረዋል። ሕፃኑ ራቁቱን በሣጥኑ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይተኛል፤ የያዘው ቦታ ይለካል፤ ክብደቱ ለስፋቱ ሲካፈል እፍግታው ይታወቃል። በ2011 የ350 ኢትዮጵያውያን ጨቅላዎች ልኬት በዚህ መንገድ ታትሞ ወጣ። በ2014 የታተመ ሌላ የጅማ ጥናት ደግሞ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች ተጨማሪ ምግብ ሲሰጣቸው የሚጨምሩት ክብደት ሥጋ ነው ወይስ ስብ የሚለውን የመረመረው በዚያው በሄቬሲ የቅጥነት ዘዴ ነው። የቀጨጨ ሰው ሲወፍር ማየት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የመሥራት ጉልበት የሚመለሰው ሥጋው ሲመለስ ነውና ጥያቄው ከባድ ነበር።

የቀላል ልኬት ታላቅ ሥራ ግን በሕፃናት ክንድ ላይ የሚታየው ነው። ወደ አንድ የጤና ኬላ የሄደ ሰው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው ጠባብ ጥብጣብ በሕፃኑ የግራ ክንድ መካከል ላይ ስትጠመጥም ያያል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ለሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሣንቲሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ሕፃኑ ሳይውል ሳያድር ሕክምና ያስፈልገዋል። ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ ቢጫ ነው፤ ክትትልና ምግብ ያሻዋል። ክንድ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዕድሜ የጤነኛ ልጅ ክንድ ብዙ አይለዋወጥም፤ ሕፃኑ ሲራብ ግን ሥጋውም ስቡም ከዚያ ቶሎ ይሸሻል። ሚዛንና ቁመት መለኪያ ሊሸከሙ በማይቻልበት ገጠር ይህ ጥብጣብ በኪስ ይገባል። ሆኖም ባለሙያዋ የሕፃኑን እግር በአውራ ጣቷ ተጭና ሳታይ አትመለስም። ምክንያቱም በምግብ እጥረት እግሩ ያበጠ ሕፃን በሚዛን ላይ የሚከብደው በውኃው ነው። እናቱ «ልጄ ወፈረ» ብላ ደስ ሲላት ልጁ በአደጋ ላይ ይሆናል። ውኃ ሚዛንን እንዴት እንደሚያታልል ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

የውኃ መጉደልም ቢሆን በተራ ሚዛን ይታወቃል። በአንድ ቀን ውስጥ የታየ የክብደት መቀነስ በአብዛኛው የውኃ መጉደል ነው፤ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ብሎ መቁጠር ከእውነት አይርቅም። ተመራማሪዎች ታላቁን ሯጫችንን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን በጥር 2001 ዓ.ም በተደረገው የዱባይ ማራቶን ተከታትለው ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ 9.8 ያህል እንደ ቀነሰ ጽፈዋል፤ ውድድሩንም ያሸነፈው እርሱ ነበር። ሆኖም ይህን ማንም እንዳይመኘው። እርሱ ለብዙ ዓመት የሠለጠነ ጎልማሳ ነው። በተቅማጥ የተያዘ ሕፃን ከክብደቱ ከመቶ 10 የሚያህል ውኃ ካጣ ሕይወቱ በአደጋ ላይ ነው። 8 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ይህ ከአንድ ሊትር የሚያንስ ውኃ ነው። ዐይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ቶሎ ካልተመለሰ ጨውና ስኳር የተመጠነበትን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር እየሰጡ ወደ ሐኪም መሮጥ እንጂ ሌላ ጊዜ የለም።

ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱና በየስፖርት ማዘውተሪያው የቆመው የኤሌክትሪክ ሚዛን ውኃንና ስብን ከመቶ ስንት ብሎ በመብራት ይጽፋል። እርሱም ተአምር አይሠራም። ከእግር ወደ እግር የማይሰማ ደካማ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ውኃ ያለበት ሥጋ ኤሌክትሪኩን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ስብ ይከለክለዋል። የቀረውን የሚሠራው በውስጡ የተጻፈ ስሌት ነው፤ ስሌቱም ከሌላ አገር ሰዎች የወጣ ሊሆን ይችላል። ውኃ ጠጥቶ ወይም ሮጦ በላብ ተጠምቆ የወጣበት ሰው የሚያገኘው መልስ ከጠዋቱ መልስ ይለያል። ስለዚህ ቁጥሩን ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር ከማወዳደር ይልቅ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት፣ በባዶ ሆድ ከተለካ ከራስ የቀድሞ ቁጥር ጋር ማስተያየት ይሻላል።

በወረቀትና በወንበር ላይ ለምንውል ወጣት ሹማምንትና ተማሪዎች ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ቢቀር ይበቃል። ቀድሞ ቦርጭ የሹመት ምልክት ነበር። ዛሬ ግን ሆድ ውስጥ የሚከማቸው ስብ የስኳር በሽታንና የልብን በሽታ እንደሚጠራ ታውቋል። ሎጋሪዝም የሚያስፈራው ሰው ይህን ብቻ ይያዝ። ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ አይብለጥ። ቁመቱ 170 ለሆነ ሰው ግማሹ 85 ነው። የተሸካሚው 76 ነው። የባልደረባችን 88 ነው። ሚዛኑ «መካከለኛ» ያለውን ሰው የልብስ ሰፊው ሜትር በሦስት ሣንቲሜትር ገሠጸው።

ሜትሩን ለአዛውንቱ መልሰን፣ ለልጁም ሒሳቡን ከፍለን ስንሄድ ባልደረባችን ዝም ብሎ ነበር። ወደ ታክሲው ተራ ስንደርስ ግን «እስከ ጦር ኃይሎች በእግር እንሂድ» አለን። ሄድንም። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሰን እንድንለካ ተስማምተናል፤ ሚዛኑ ላይ ሳይሆን ከበረንዳው ላይ።